«ቻይልድረንስ» እና ሌሎች የብዙ ቁጥር ስህተቶች

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሰፈር ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ሰሞኑን አንዷ ተማሪዬ ልጆች ለማለት «ቻይልድረንስ» ብላ ጽፋ መጣች። የቻይልድ (ልጅ) ብዙ ቁጥር ያለ ኤስ «ችልድረን» ነው ብዬ አረምኳት። «ቲቸር፣ ኤስ ሳይኖረው እንዴት ብዙ ይሆናል?» አለችኝ። አብሽሪ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

እውነታው ቃሉ ዱሮውንም ሁለት ጊዜ ተበዝቷል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቻይልድን የሚያበዛው መጨረሻው ላይ የሚገባው የ«ር» ድምፅ ነበር። በኋላ ሰው ያ ድምፅ ማብዣ መሆኑን ዘነጋና «ኤን» ደረበበት። ኤስ ከጨመርን ሦስተኛ ዙር መሆኑ ነው። ለመሳቅ ግን አንቸኩል። እኛስ «መምህራን» አልበቃ ብሎን «መምህራኖች» እንል የለ? «ሕፃናቶች» ከእኔም አፍ ያመልጣል።

«በኤፍ የሚያልቅ ሁሉ በቪ ይተካል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ናይፍ (ቢላዋ) ናይቭስ፣ ሊፍ (ቅጠል) ሊቭስ ይሆናል። ምክንያት አለው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ በሁለት አናባቢ መሃል የገባ «ፍ» እንደ «ቭ» ይነበብ ነበር። ጽሕፈቱ ድምፁን ተከተለ። ቺፍ (አለቃ) ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ እንግዳ ነውና ኤፉን እንደያዘ ቺፍስ ተባለ። ሩፍ (ጣራ) ደግሞ አገር በቀል ሆኖ ሳለ ሩፍስ ይባላል። እሱን በቃል መያዝ ነው፣ ምን ይደረጋል።

በኦ የሚያልቁትስ? ጉልት ላይ የተደረደሩት ድንችና ቲማቲም፣ ማለትም ፖቴቶና ቶማቶ፣ ኢ እና ኤስ ይወስዳሉ። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ያለው ፎቶ ግን ኤስ ብቻ ይበቃዋል፣ ከፎቶግራፍ የተቆረጠ ቃል ነዋ። ሬዲዮና ፒያኖም እንደ እሱ ናቸው።

«ፒፕልስ የሚባል ቃል የለም» የሚሉ አሉ። በዚህ እኔም ተማሪ ሳለሁ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞብኛል። ሰዎች ለማለት ፒፕል ብቻውን ይበቃል፣ እውነት ነው። ሕዝቦች ለማለት ግን ፒፕልስ ትክክል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የእንግሊዝኛ ቅጂ መግቢያ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» የሚለውን የጻፈው በዚሁ ቃል ነው።

ሺፕ (በግ) አንድም ቢሆን ለዐረፋ የተነዳ መንጋም ቢሆን ያው ሺፕ ነው። ፉት (እግር) «ፊት» (እግሮች) የሚሆነው ደግሞ ውስጡን ለውጦ ነው፤ ኮከብ ከዋክብት እንደሚሆነው። ማውስም (አይጥ) ማይስ ይሆናል።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ልጅቷን የአምስት ቃላት መልመጃ ሰጠኋት። አራቱን አገኘች። አምስተኛው ሀውስ (ቤት) ነበር።

«ሃይስ» ብላ ጻፈች።