ባህር ማዶ በጎ ፈቃደኛ መሆን፦ ሥራው፣ ወጪውና የመላመዱ ጣጣ

ባህር ማዶ የሚደረግ በጎ ፈቃድ ማለት በአጭሩ ከአገር ወጥቶ፣ ያለ ደሞዝ ወይም ለኑሮ ያህል በምትሰጥ የኪስ ገንዘብ፣ ሌላ አገር ውስጥ ማገልገል ነው። ማስተማር፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ መሥራት፣ ስደተኞችን መርዳት፣ የአንድን ትንሽ ድርጅት ሒሳብ መስመር ማስያዝ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ጊዜው ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ግራ የሚያጋባው ይሄ ሁሉ በአንድ ስም መጠራቱ ነው። የሁለት ሳምንቱንና የሁለት ዓመቱን የሚያመሳስላቸው ሁለቱም ፓስፖርት መጠየቃቸው ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። አዲስ ባህል ውስጥ ገብቶ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ለመሆን ወራት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው እንግዳው ራሱ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነት ፍርስራሽ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1920 ፒየር ሴሬሶል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የሰላም ታጋይ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቨርደን አጠገብ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደመ መንደር መልሶ ለመሥራት ከተለያዩ አገሮች ሰዎች ሰበሰበ። ጀርመኖችም ነበሩበት። ሐሳቡ ትናንት የተዋጉ ሰዎች ዛሬ አብረው ድንጋይ ቢሸከሙ የሚል ነበር። የአካባቢው ሰው ቁስል ግን ገና አልጠገገም። ጀርመን እዚህ ምን ይሠራል የሚል ተቃውሞ ተነሳ፣ ሥራውም በወራት ውስጥ ተቋረጠ። ሴሬሶል የመሠረተው ድርጅት፣ ሰርቪስ ሲቪል ኢንተርናሲዮናል፣ ዛሬም አለ። ገና ከመነሻው ከባዱ ነገር ግድግዳ ማቆሙ ሳይሆን በአገሬው ሰው ዘንድ ተቀባይነት ማግኘቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ተከታትለው መጡ። በ1958 ብሪታንያውያኑ ባልና ሚስት አሌክና ሞራ ዲክሰን ቪኤስኦ የሚባለውን በጎ ፈቃደኞችን ባህር ማዶ የሚልክ ድርጅት መሠረቱ። መጀመሪያ የላኩት ገና ትምህርት ቤት የጨረሱ ወጣቶችን ነበር፤ እያደር ግን ድርጅቱ ሙያ ያላቸውን ሰዎች ወደ መላክ ዞረ፣ ይሄም ብዙ ይናገራል። በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአሜሪካን ሰላም ጓድ፣ ፒስ ኮርን አቋቋሙ። እስካሁን ከ240,000 በላይ ሰዎች ከ140 በሚበልጡ አገሮች አገልግለውበታል። ጃፓን የራሷን በ1965 ጀመረች። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ደግሞ በ1970 በጠቅላላ ጉባኤው ተወስኖ የተቋቋመ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን፣ ቦን ነው። ፒስ ኮር የሚቀበለው የአሜሪካ ዜጎችን ብቻ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታቱ ግን ከየትኛውም አገር ይመዘግባል፣ ከቤት ሳይወጡ በኢንተርኔት የሚሠራም ሥራ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንግባ፣ ወደ መላመዱ።

ፒስ ኮር ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ኦክቶበር 1961 ላይ፣ ናይጄሪያ ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለሥልጠና ከገቡት አሜሪካውያን አንዷ አገሯ ላለ ወዳጇ ፖስት ካርድ ጻፈች። ያን ሁሉ ሥልጠና ወስደን እንኳ ለዚህ ኋላ ቀር ኑሮ አልተዘጋጀንም፣ ሰዉ መንገድ ላይ ያበስላል፣ መንገድ ላይ ይሸጣል፣ መንገድ ላይ ይጸዳዳል የሚል ነበር ይዘቱ። ካርዱ ሳይላክ ወደቀና ተማሪዎች እጅ ገባ። አባዝተው በተኑት፣ ተቃውሞ ወጡ። ነገሩ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ ሌሎቹ ቀሩ። ናይጄሪያ ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ ተማሪዎቹ እንዲህ ተደርጎ መታየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ቢያሳዩ ማን ይፈርድባቸዋል? በልጅቷም መፍረድ ይከብዳል። የጻፈችው እዚያ በደረሰች በሳምንታት ውስጥ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰው የሚያየው ከአገሩ የተለየውን ብቻ ነው። ዛሬ ፖስት ካርድ መጣል አያስፈልግም፣ ስልኩ ሁሉንም በራሱ ይለጥፈዋል።

ይህን ስሜት በደንብ የገለጸው ብራዚል ውስጥ ይሠራ የነበረው አንትሮፖሎጂስት (የሰው ልጅ ባህል አጥኚ) ካሌርቮ ኦበርግ ነው። በ1954 ሪዮ ዲ ጄኔሮ ውስጥ ባደረገው ንግግር ካልቸር ሾክን፣ ማለትም ባዕድ ባህል ውስጥ ሲገባ የሚመጣውን ድንጋጤ፣ እንደ በሽታ፣ ምልክት በምልክት ዘረዘረው። እጅ ደጋግሞ መታጠብ። ስለሚጠጣው ውሃ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ አንሶላው ከልክ በላይ መጨነቅ። ሊያታልሉኝ ነው፣ ሊሰርቁኝ ነው የሚል ፍርሃት። ፈዞ አንድ ቦታ ላይ ማፍጠጥ። አገር ቤት መናፈቅ፣ በትንሽ በትልቁ ሆድ መባስ። ከሁሉም የሚታወቀው ግን ከአገር ልጆች ጋር ተሰብስቦ እነዚህ ሰዎች እያሉ ማማት ነው። ባህር ማዶ የኖረ ሁሉ ያንን ጠረጴዛ ያውቀዋል። ለአንድ ምሽት ያጽናናል፣ በየቀኑ ሲሆን ግን ሰውየው የሚኖርበትን አገር ሳያየው ይቀራል።

ኦበርግ አራት ደረጃ አስቀምጧል፦ ጫጉላ፣ ቀውስ፣ ማገገም፣ መላመድ። በ1955 ደግሞ ሊስጋርድ የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ፣ አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ 200 ያህል የአገሩን ሰዎች ጠይቆ፣ ከስድስት ወር በታች ወይም ከአሥራ ስምንት ወር በላይ የቆዩት ደህና ሲሆኑ መሃል ላይ ያሉት ግን መላመድ እንደከበዳቸው አገኘ። ኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን መስመር ጥያቄ ውስጥ ከተውታል። ለብዙ ሰው ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ሰሞን ነው፣ ጫጉላ የሚባል ነገር የማያይም ሞልቷል። እና ደረጃዎቹን እንደ አውቶቡስ ፌርማታ እየቆጠሩ መጠበቅ አያዋጣም።

በተግባር የሚያሰናክለው ትልቁ ልዩነት ሳይሆን ጥቃቅኑ ነው። ምግብና ልብስ በቶሎ ይለመዳል። አስተማሪ ሆኖ የሄደው ሰው ግን ተማሪዎቹን ትምህርቱ ገባችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አርባው ተማሪ በአንድ ድምፅ አዎ ይላል፣ ፈተናው ላይ ግማሹ ባዶ ወረቀት ያስረክባል። ዋሹኝ ብሎ ይናደዳል። እነሱ ዘንድ አልገባኝም ማለት መምህሩን በሰው ፊት ማዋረድ ሊሆን ይችላል። ወይም ጠዋት ቢሮ ገብቶ ደህና አደራችሁ እንኳ ሳይል ቀጥታ ስለ ሪፖርቱ ይጀምራል፤ ለእሱ ቅልጥፍና ነው፣ ለእነሱ ስድነት። ይሄ በየትኛውም ማሠልጠኛ ወረቀት ላይ ተጽፎ አያልቅም። የሚነግረው አንድ ደፋር የሥራ ባልደረባ ወይም የአከራዮቹ ልጅ ነው፣ እሱንም የሚነግረው ሲቀርበው ነው። ለመቅረብ ደግሞ ቋንቋ ያስፈልጋል፣ የተሰባበረም ቢሆን። ፒስ ኮር ከሃያ ሰባቱ ወር ሦስት ያህሉን ለሥልጠና የሚሰጠው፣ በዚያም ጊዜ ብዙዎቹን ከአካባቢው ቤተሰብ ጋር የሚያስቀምጠው ወዶ አይደለም።

ገንዘቡን ቶሎ እንለፈው። ደህና የሚባሉት ፕሮግራሞች ማደሪያ፣ ምግብና ኢንሹራንስ ይሸፍናሉ። ለምሳሌ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶችን የሚወስደው የአውሮፓ ሶሊዳሪቲ ኮር የጉዞ ድጋፍና የኪስ ገንዘብም ይጨምራል። በሌላ በኩል ከፍለው የሚሄዱባቸው ኤጀንሲዎች አሉ። መክፈሉ ብቻውን ነውር የለውም፤ ገንዘቡ የት እንደሚገባና ቦታውን የጠየቀው ማን እንደሆነ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቪዛውም ይታሰብበት። ብዙ አገር በቱሪስት ቪዛ ያለ ክፍያም ቢሆን መሥራት አይፈቅድም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ማለሳለስ አያስፈልግም፣ የሕጻናት ማሳደጊያ። ማሳደጊያ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ልጆች ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። እንደ ካምቦዲያና ኔፓል ባሉ አገሮች ደግሞ ጎብኚና ለጋሽ ለመሳብ ሲባል ልጆች ከድሃ ቤተሰብ እየተወሰዱ መግባታቸው በተደጋጋሚ ተጋልጧል። ልጁ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ሰው ይለምዳል፣ ከዚያ ሰውየው ይሄዳል። አውስትራሊያ በ2018 ዜጎቿ እንዲህ ያለውን በጎ ፈቃድ እንዲተዉ የሚመክር ዘመቻ ጀምራለች። ልጅ የሚወድ ሰው ከልጆች ጋር ባይሠራ ይሻላል ማለት አይደለም፤ የረጅም ጊዜ፣ ሙያ የሚጠይቅ፣ የወንጀል ሪከርድ አጣርቶ የሚቀበል ቦታ ይፈልግ።

የመመለሱን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። በ1963 ገላሆርን የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች አገር ቤት ሲገባም ያው መውደቅና መነሳት እንደሚደገም ጽፈዋል። ወዳጅ ዘመድ ፎቶውን ለአሥር ደቂቃ ያያል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ወሬ ይመለሳል። ሥራ ቀጣሪውም ሁለት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር ይላል። ፒስ ኮር አገልግሎታቸውን ለጨረሱት ከ10,000 ዶላር በላይ የመቋቋሚያ ገንዘብ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ይህን የማይሰጥ ድርጅት ጋር የሚሄድ ሰው ቢያንስ የጥቂት ወር ወጪ አገሩ ባንክ ውስጥ ትቶ ቢሄድ ይሻለዋል።