«ገበያው ይወስን» የሚለው ሐሳብ ከየት ይመጣል?

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን እህል ተራ የገባ ሰው ክርክር ሳይሰማ አይወጣም። እኔም አንድ ቀን ቆሜ አዳመጥኩ። ከምንጃር የመጡ አንድ አባት የማኛ ጤፍ ኩንታላቸውን ተደግፈው፣ «ማዳበሪያውን ሰማይ ሰቅለው ጤፉን አርክስ ይሉኛል» አሉ። ነጋዴው፣ «አባባ፣ ዋጋ የሚቆርጠው ገበያው ነው። እኔ ምን ላድርግ?» አላቸው። ጆንያ ስትሰፋ የነበረች ሴት ቀና ብላ፣ «ታዲያ መኪናውን ኬላ ላይ ሲያቆሙት ገበያው የት ሄዶ ነው?» አለች። የሦስቱም ነገር የኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው። ሚኒስትሮች የሚከራከሩበትም ይኸው ነው።

«ገበያው ይወስን» የሚለውን ሐሳብ መተዳደሪያቸው ያደረጉ ተቋማት አሉ። የነፃ ገበያ ቲንክ ታንክ ይባላሉ። ዩኒቨርሲቲ ስላልሆኑ ዲግሪ አይሰጡም። ፓርቲም ስላልሆኑ ለምርጫ አይወዳደሩም። ጥናት ያወጣሉ፣ መድረክ ያዘጋጃሉ፣ ጋዜጣ ላይ ይጽፋሉ፣ የምክር ቤት አባላትን ያማክራሉ። መልእክታቸው በጥቅሉ ተመሳሳይ ነው፦ ግብር ይቀነስ፣ መንግሥት ዋጋ አይተምን፣ የግል ንብረት ይከበር፣ ንግድ አይታጠር።

የእነዚህ ተቋማት ታሪክ ከዶሮ እርባታ ጋር ይያያዛል። አንቶኒ ፊሸር የሚባል እንግሊዛዊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፖለቲካ ልግባ ብሎ ኢኮኖሚስቱን ፍሬድሪክ ሃየክን አማከረ። ሃየክ ተው አለው። ፖለቲከኛ የዘመኑን አስተሳሰብ ተከታይ ነው፤ አንተ አስተሳሰቡን የሚቀርጹትን፣ መምህራኑንና ጸሐፊዎቹን ያዝ አለው። ፊሸር ምክሩን አልረሳም። በዘመናዊ የዶሮ እርባታ ሀብት አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1955 ለንደን ውስጥ የኢኮኖሚ ጉዳዮች ኢንስቲትዩትን መሠረተ። ያኔ የእንግሊዝ ፖለቲካ ከመንግሥት ባለቤትነት ጎን ነበር። የኢንስቲትዩቱ ሰዎች ግን ትንንሽ መጻሕፍት ማሳተማቸውን ቀጠሉ። ማርጋሬት ታቸር በ1979 ሥልጣን ሲይዙ ሐሳቡ 24 ዓመት ተብላልቶ ቆይቷቸዋል። ፊሸር በ1981 ደግሞ እንዲህ ያሉ ተቋማትን በሌሎች አገሮች የሚያበዛ አትላስ የሚባል ድርጅት አቋቋመ።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ፈጠን አለ። ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን በ1973 ተቋቋመ፤ ኬቶ ኢንስቲትዩት በ1977 ተከተለ። ሮናልድ ሬገን በ1981 ሥልጣን ሲረከቡ ሄሪቴጅ ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ የፖሊሲ ሰነድ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ይሥራ፣ የትኛው ደንብ ይሻር፣ ሁሉም ተጽፏል። አዲስ ሹም ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሠራ ግራ ይገባዋል። በዚያች ሰዓት የተዘጋጀ ወረቀት ያለው ሰው ይደመጣል።

የተጽእኗቸው ዋና ምስጢር ይህ ይመስለኛል። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። እውነተኛ ለውጥ የሚመጣው በቀውስ ጊዜ ነው፤ ቀውሱ ሲመጣ የሚወሰደው እርምጃ ደግሞ በዙሪያው ተቀምጦ በተገኘው ሐሳብ ላይ ይመሠረታል ብሏል። ስለዚህ ሥራቸው ሐሳቡን ማቆየት ነው። ዛሬ የማይሞከር የመሰለውን ነገር ደጋግመው ያነሳሉ። ሰው ጆሮው እስኪለምደው ያነሳሉ። ማኪናክ በተባለ የሚሺጋን ተቋም ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ኦቨርተን ይህንን በመስኮት መስሎታል። ፖለቲከኛ ሳይፈራ ሊናገረው የሚችለው በመስኮቱ ስፋት ውስጥ ያለውን ነው፤ የቲንክ ታንኩ ድርሻ መስኮቱን መግፋት ነው።

ሌላው መሣሪያቸው ቁጥር ነው። ሄሪቴጅ ከ1995 ጀምሮ አገሮችን በኢኮኖሚ ነፃነት ደረጃ ያወጣል። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ነፃነት ከጎደላቸው አገሮች ተርታ ስትመደብ ኖራለች። ደረጃ ሲወጣ ጋዜጣው ይዘግባል፣ ኢንቨስተሩ ያያል፣ ሹሙ ይናደዳል። ግን ቁጥር ፍርድን ይሸፍናል። ምን ይለካ፣ ስንት ነጥብ ይያዝ የሚለውን የወሰነው ሰው ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከባለሀብቶች፣ ከኩባንያዎችና ከፋውንዴሽኖች። የለንደኑ ኢንስቲትዩት ከትምባሆ ኩባንያዎች ገንዘብ መቀበሉ ብዙ አነጋግሯል። እኔ ገንዘብ ተቀብሏልና ጥናቱ ሐሰት ነው አልልም። ከፋዩ ሳይታወቅ «ገለልተኛ ባለሙያ» ተብሎ ቴሌቪዥን ላይ መቅረብ ግን አድማጭን መበደል ነው። ሐሳቡ ራሱም ሁሌ አይሰምርም። ከእነዚህ ተቋማት ጋር ቅርበት የነበራቸው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ትልቅ የግብር ቅነሳ ይዘው መጡ። ፓውንድ ወደቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ 50 ቀን ሳይሞላቸው ከሥልጣን ወረዱ።

ወደ እኛ እንምጣ። በኢትዮጵያ የነፃ ገበያ ሐሳብን ብቻ ይዞ የሚሟገት የደረጀ ተቋም አልለመድንም። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርና የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ጥናት ያቀርባሉ፤ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት የመንግሥት ነው። በአቶ መለስ ዘመን «ኒዮሊበራል»፣ ማለትም ገበያውን አስቀዳሚ፣ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ነበር፤ መንገዱ ልማታዊ መንግሥት ነው ይባል ነበር። ከዚያም በላይ የ2001 ዓ.ም.ቱ የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ የሚበልጥ ድርጅቶችን ከመብትና ከፖሊሲ ሙግት አራቃቸው። አዋጁ በ2011 ተሻረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያው ሲለቀቅ ግፊቱ የመጣው ከውጭ ምንዛሪ እጥረትና ከዓለም ገንዘብ ድርጅት ነው። ቀውስ ሲመጣ ዙሪያችን ተቀምጦ የተገኘው ሐሳብ እኛ ያብላላነው አልነበረም። ይህ ያሳስበኛል።

ጥናት ወደ ተግባር ሲሻገር ካየንባቸው ጊዜያት አንዱ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን የእህል ገበያችንን ለዓመታት አጥንተዋል። በተለይ ሁላችን የምንረግመውን ደላላ ቀረብ ብለው አይተው፣ የማይተዋወቁ ገዥና ሻጭን በማገናኘት ወጪ እንደሚቀንስ ጽፈዋል። የሠሩበት ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም የነፃ ገበያ ተሟጋች አይባልም። መንገዱ ግን ያው ነው፦ መጀመሪያ ጥናት፣ ቀጥሎ ክርክር፣ ከዚያ ሕግ።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ክርክር ማስረጃ አያጣም። በደርግ ዘመን ገበሬው ኮታ ነበረበት። ከምርቱ የተወሰነውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክባል። ኮታ ለመሙላት ከገበያ እህል በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበም ነበር። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። ነፃ ገበያ የሚለው ቃል ለዚያ ዘመን ገበሬ ትርጉሙ ይህ ነው። ጅሩ ውስጥ ሰንጋ የሚያደልብ ሰው ዋጋ የሚተምንለት አይፈልግም፤ በዓል ሲደርስ በሬውን ለከፈለ ይሰጣል። ጤፍ ግን ሌላ ነው። ከ1998 ጀምሮ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ተከልክሎ ኖሯል። ለከተማ በላተኛ ታስቦ ነው። የምንጃር ገበሬ ግን የውጭውን ዋጋ አያገኝም። የነፃ ገበያ ሰዎች ይህን ቢያገኙ አይለቁትም፤ እኔም ገበሬው ካሳው ምን እንደሆነ ቢጠይቅ እደግፈዋለሁ።

መሬት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ተሟጋቾቹ፣ የማይሸጥ መሬት ዋስትና አይሆንም፣ ብድር አያመጣም ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው፣ በክፉ ዓመት ድሃው ሸጦ ይሰደዳል ይላሉ። ሁለቱም ስጋት መንዝ ውስጥ አለ።

መንዝን ካነሳሁ ጓሳን አልዘልም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ደጋ ላይ የቤት ክዳንና ገመድ የሚሆነውን ሣር የአካባቢው ሰው ለዘመናት በጋራ ጠብቆታል። ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢናድም ኅብረተሰቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቁሞታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስካሁን እዚያ አሉ። ይህ የግልም የመንግሥትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት እንዲህ ያለውን የጋራ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሃየክን መታሰቢያ ንግግር እንዲያደርጉ የጋበዛቸው ያው የፊሸር ኢንስቲትዩት ነበር። ተቋሙ ከራሱ ሐሳብ ወጣ ያለውንም ማዳመጡ ያስመሰግነዋል።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ አለ። ተማሪዎች ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ ግብይት የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ። ጽሑፉ በሁለት ገጽ አማርኛ አጥሮ ለዞን ምክር ቤት አባል፣ ለዩኒየን ሰብሳቢ፣ ለአካባቢው ሬዲዮ ቢደርስ ማየት እመኛለሁ። ከኬላው ጥያቄ ይጀመር። አንድ ኩንታል ጤፍ ከአረርቲ አዲስ አበባ እስኪደርስ የት የት ይቆማል? በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ብር ይጨመርበታል? ጆንያ የምትሰፋዋ ሴት የጠየቀችው ይህንኑ ነው።