ክንፍ ላይ የተኛው አባጨጓሬ፦ ቢራቢሮ የራሱን ትል ይመስላል ማለት ምንድን ነው?

የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ውሃ በሌለው ጊዜ አሸዋ ነው። ዳር ዳሩን ማንም ያልተከለው አንድ ተክል ይበቅላል። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም ነው፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያፈሳል። ጦቢያው የሚሉት አሉ፣ ቅምቦ የሚሉትም አሉ። ድሬ ያደገ ልጅ ስሙን ባያውቅ እንኳ "ወተቱ ዓይንህ ውስጥ እንዳይገባ" የሚለውን ያውቃል።

ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ እጄን ይዛ ወደዚያ ጎተተችኝ። "አቦ ና እይ እንጂ!" (አሥር ዓመቷ ነው፤ እኔ አባቷን በዕድሜ እበልጣለሁ። ድሬ ነው፣ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለም።)

ቅጠሉ ላይ አንድ አባጨጓሬ አለ። ርዝመቱ የትንሿ ጣቴን ሁለት አንጓ ያህል ነው። ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው ጥቁርና ነጭ ቀለበት ተደርድሮበታል፣ በመሐል በመሐሉ ቢጫ ነጥብ። ከጀርባው ሦስት ጥንድ ጥቁር ቀንድ መሰል ነገር ወጥቷል፦ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከኋላ። ከሱ በላይ፣ አበባው ላይ፣ ብርቱካናማ ቢራቢሮ ተቀምጧል። የክንፉ ጠርዝ ጥቁር ነው። በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥቦች ተሰልፈዋል።

"ትሉን ክንፉ ላይ ስሎታል" አለችኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ጠጋ ብዬ ሳይ ሳቄ ቆመ። እውነትም የኋላው ክንፍ ጠርዝ ላይ አንድ ባለነጥብ ጥቁር ትል ተጠማዞ የተኛ ይመስላል።

ይህን ሐሳብ ከሷ በፊት ያሰቡ ትልልቅ ሰዎችም አሉ። ሲጨመቅ ይህን ይላል፦ የቢራቢሮ ክንፍ ላይ ያለው ንድፍ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፣ ትል ሳለ የነበረው መልክ ቅጂ ነው። ነጥቡም መስመሩም ከትሉ የመጣ ነው። መልሴን ላስቀድመው። መመሳሰሉ አለ፣ በተለይ በዚህኛው። ቅጂ ግን አይደለም።

መጀመሪያ የሚያመሳስላቸውን እንይ። ይህን ቢራቢሮ ሳይንቲስቶች ዳናውስ ክሪሲፐስ ይሉታል። ትሉ የሚበላው እንዲህ ያለ ወተታም ቅጠል ነው። ወተቱ ውስጥ የልብ ምት የሚያዛባ መርዝ አለ። ትሉ መርዙን በሰውነቱ ያጠራቅማል፣ ቢራቢሮ ሆኖ ሲወጣም ይዞት ይወጣል። መጠኑ ከአንዱ አንዱ ይለያያል፤ ጭራሽ የሌለውም ያጋጥማል።

ይህ መርዝ ምን እንደሚሠራ ያሳየው የአሜሪካው ሊንከን ብራወር ነው፣ በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሞናርክ የተባለውን የዚህን ቢራቢሮ የቅርብ ዘመድ ብሉ ጄይ ለምትባል ወፍ ሰጣት። በላችው። ትንሽ ቆይታ አስመለሳት። ከዚያ በኋላ ያንን ቢራቢሮ ገና ስታየው ፊቷን አዞረች።

ወፏ የምታስታውሰው ቀለሙን ነው። ጥቁር ከነጭ፣ ጥቁር ከቢጫ፣ ጥቁር ከብርቱካናማ። የማስጠንቀቂያ ቀለም ይባላል። መርዛም ፍጥረት መደበቅ አይፈልግም፤ ከሩቅ መታየት ይፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ብዙ አማራጭ የለም። የባቡር ማቋረጫ ላይ የሚወርደውን ባለቀይና ነጭ እንጨትና ትራንስፎርመር ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ጥቁር ምልክት አስቡ። ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ከሌላው ስለተቀዳ ግን አይደለም። ሁለቱም የተሠሩት ለአንድ ዓይነት ዓይን ነው። ትሉና ቢራቢሮውም እንደዚያው፦ ጠላታቸው አንድ ነው፣ የሚሉትም አንድ ነው፣ "አትንካኝ"።

"እሺ፣ ቅጂ ካልሆነ በምን ታውቃለህ?" ማለቷ አልቀረም። ልጅቷን የምወዳት ለዚህ ነው።

ማስረጃው የሌላውን መልክ የሚያስመስል ቢራቢሮ ነው። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ትባላለች። መርዝ የላትም። ሴቷ ግን ያንን መርዛም ቢራቢሮ ቁርጥ ነው የምትመስለው፦ ብርቱካናማ ክንፍ፣ ጥቁር ጠርዝ፣ ነጭ ነጥብ። ወፍ አንዴ በሌላው ስለተቀጣች እሷንም ትተዋለች። ባሏን ብታዩት የአንድ ዘር ናቸው አትሉም፤ ጥቁር ነው፣ ትልልቅ ነጭ ክቦች አሉት፣ ዙሪያቸው ሰማያዊ ወይን ጠጅ ያብለጨልጫል። እንዲህ ያለውን ማስመሰል መጀመሪያ የተነተነው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። አማዞን ጫካ ውስጥ 11 ዓመት ከርሞ በ1862 ጻፈው።

አሁን የሚሲፐስን ትል ተመልከቱ። ጥቁር ነው። ሰውነቱን ቅርንጫፍ ያለው እሾህ ሸፍኖታል። ነጭ ቀለበት የለውም፣ ቢጫ ነጥብ የለውም። የሚበላውም ሌላ ነው፣ መሬት ለመሬት የምትዘረጋ ወፍራም ቅጠል ያላት አረም። እንግዲህ ክንፍ የራስ ትል ቅጂ ከሆነ፣ የዚህች ክንፍ እሾሃም ጥቁር ትል ሊመስል ይገባ ነበር። እሷ ግን ክንፏ ላይ የያዘችው "ትል" የጎረቤቷ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ጨምሩ። በእኛ ምሥራቅ አፍሪካ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ያ ጥቁርና ነጭ የሌለው የዳናውስ ዓይነት አለ፣ ዶሪፐስ ይባላል። አስመሳይዋም ጫፏ ያልጠቆረ ዓይነት አላት። ትከተለዋለች ማለት ነው። የምትከተለው ክንፉን እንጂ ትሉን አይደለም።

ሌላው ምስክር ግቢያችን ውስጥ ነው። ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ሰው ያውቀዋል። ትሉ ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ጥቁር ቡናማ፣ ከነጭ እድፍ ጋር። ስቀልድ አይደለም፣ በደንብ ይመስላል፤ ወፍ ደግሞ የራሷን ኩስ አትበላም። ሲያድግ ቆዳውን ለውጦ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቅጠሉ ውስጥ ይጠፋል። በስንጥር ነካ ስታደርጉት ከጭንቅላቱ ጀርባ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ቀላ ያለ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ይላል። ሽታው አፍንጫ ይመታል፤ የተበላሸ ሎሚና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ዓይነት ነው። ከደቂቃ በኋላ ቀንዱን መልሶ ይደብቃል። እኔ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ይሄ ነበር። ከዚህ ትል የሚወጣው ቢራቢሮ፣ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ፣ ትልቅና ጥቁር ነው፣ በፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ የተሞላ። ኩስ አይመስል፣ ቅጠል አይመስል። ደግሞ ከሁለቱ የትል መልኮች የትኛውን ይቅዳ?

ታዲያ ያ ጠርዝ ለምን ትል መሰለን? ለእኔ የነገሩ ጣፋጭ ክፍል ይሄ ነው።

ክንፍ በጣት ሲነካ የሚቀር ዱቄት አለ። ዱቄት አይደለም፣ ጥቃቅን ቅርፊት ነው። እያንዳንዱን ቅርፊት አንድ ሕዋስ ይሠራዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ቀለም ብቻ አለው። ሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ስፌት አስቡ። አንዱ አለላ አንድ ቀለም ነው፤ አበባውና ኮከቡ የሚወጣው ከአደራደሩ ነው። ክንፍም እንደዚያ ነው የተሰፋው።

አደራደሩን የሚወስኑት የክንፉ ሥሮች፣ ክንፉን የሚያቋርጡት ጅማት መሰል መስመሮች ናቸው። ሥሮቹ ክንፉን ክፍል ክፍል ያደርጉታል። በየክፍሉ ውስጥ ያው ሥራ ይደገማል፦ እዚህ ጋ ነጥብ፣ እዚያ ጋ መስመር፣ ጫፍ ላይ ጥቁር። በ1920ዎቹ ሩሲያዊው ቦሪስ ሽቫንቪችና ጀርመናዊው ፍሪትስ ዙፈርት ለየብቻቸው ይህን ደረሱበት፤ የብዙ ቢራቢሮዎች ክንፍ አንድ የጋራ ንድፍ አለው፣ ልዩነቱ የትኛው ክፍል ተለጥጦ የትኛው እንደጠፋ ነው አሉ። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ያሉት ነጥቦች በእኩል በእኩል ርቀት ይሰለፋሉ።

ትሉስ? እሱም ክፍል ክፍል ነው። ከጭንቅላቱ በኋላ 13 ክፍሎች አሉት፣ በየክፍሉም ያው ቀለበት ይደገማል። አያችሁት? አንዱ በክፍል የተደጋገመ ነገር ሌላውን በክፍል የተደጋገመ ነገር መሰለ። የቀረውን ዓይናችን ሞላው። ሲኒ ገልብጦ አተላው ውስጥ መንገደኛ የሚያይ ዓይን ክንፍ ላይ ትል ቢያይ አይገርምም።

ነጥቡ እንዴት እንደሚሠራም ታይቷል። በ1980 ፍሬድሪክ ናይሃውት አንድ የአሜሪካ ቢራቢሮ ገና ሙሽሬ ሳለ (ትሉ ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ ነው) ክንፉ ላይ ዓይን የሚመስለው ክብ የሚወጣበትን መሐል በትንሹ አቃጠለው። ክቡ ሳይወጣ ቀረ። ያንን መሐል ቆርጦ ሌላ ቦታ ሲተክለው፣ ክቡ አዲሱ ቦታ ላይ ወጣ። በመሐል ያሉት ሕዋሶች ለጎረቤቶቻቸው መልእክት ይሰዳሉ ማለት ነው። በ1994 ደግሞ የሾን ካሮል ቡድን እዚያው መሐል ላይ የሚሠራ አንድ ዘረ መል አገኘ፣ ዲስታል-ለስ የሚባል። ይህ ዘረ መል በነፍሳት ዘንድ የቆየ ሥራው እግር ማብቀል ነው። እግር የሚሠራ መሣሪያ ነጥብ ሲስል ተገኘ። የትሉ ሥዕል የሚቀመጥበት ቦታ ግን የትም የለም። ባለቀለበቱ ቆዳ ራሱ ትሉ ሙሽሬ ሲሆን ተቀዶ ይወድቃል።

ይህን ስል ከትል ወደ ቢራቢሮ ምንም አያልፍም ማለቴ አይደለም። ብዙ ያልፋል። ክንፉ ራሱ የሚጀመረው ትሉ ቅጠል እያኘከ ሳለ ነው፣ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር። የሆላንዱ ያን ስዋመርዳም ይህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን አባጨጓሬ ከፍቶ አሳይቷል፤ ከዚያ በፊት ትሉ ሞቶ ሌላ ፍጥረት ይወለዳል የሚሉ ነበሩ። መርዙ ያልፋል፣ ብለነዋል። ትዝታም ያልፋል። በ2008 የታተመ ጥናት ላይ ትንባሆ የሚበላ የአንድ የእሳት እራት ትል አንድ ሽታ በሸተተው ቁጥር በኤሌክትሪክ ተነዘረ። ሽታውን በመጨረሻው የትልነት ዕድሜው የተማረው ክንፍ አውጥቶም ያንን ሽታ ሸሸ።

ሙቀትም ያልፋል። ቢሳይክለስ አኒናና የሚባል የምሥራቅ አፍሪካ ቢራቢሮ አለ። ትሉ ማደጉን ሊጨርስ ሲል አየሩ ሞቃት ከሆነ ክንፉ ላይ ትልልቅ ዓይን መሰል ክቦች ይወጣሉ፤ የዝናቡ ወቅት መልክ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ካለ ክቦቹ ሊጠፉ ምንም አይቀራቸውም፣ ደረቅ ቅጠል ይመስላል። ትሉ ለክንፉ የሚያቀብለው ወሬ ይሄ ነው፣ የአየሩ ነገር። የራሱን ፎቶ አይልክም።

የሚገርም ሐሳብ ካነሳን አይቀር፣ በ2009 ዶናልድ ዊልያምሰን የተባለ ሳይንቲስት አባጨጓሬና ቢራቢሮ ጥንት ሁለት የተለያዩ እንስሳት ነበሩ፣ በድቀላ ነው አንድ የሆኑት ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሌሎች ማስረጃ ዘርዝረው አፈረሱት። እኔ ግን ለልጅቷ ስነግራት ከሁሉ የወደደችው ይህንኑ ነው። ምን ይደረግ።

ትሉን ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ ከነቅጠሉ አድርጋ ወሰደችው። አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰረችው። በየቀኑ ከደቻቱ አዲስ ቅጠል ታመጣለች፣ እናቷ ስለ ወተቱ ትጮህባታለች። በአራተኛው ቀን ትሉ ነጠላው ላይ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ባለቀለበት ቆዳው ተቀዶ ሥሩ ወደቀ። በነጋታው አረንጓዴ ሙሽሬ ሆኖ አገኘችው፣ ወርቅ የመሰሉ ነጥቦች ያሉት። "ወርቁ የእውነት ነው?" አይደለም አልኳት። ብዙም አላመነችኝም።

ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ አረንጓዴው ጠቆረ። ቆዳው ስስ ስለሆነ ውስጡ የታጠፈው ክንፍ ይታያል፤ ብርቱካናማው፣ ጥቁሩ ጠርዝ፣ ነጮቹ ነጥቦች። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አዞረችና ነጥቦቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ስንት እንደደረሰች አልሰማኋትም።

በማግስቱ በእናቷ ስልክ ድምፅ ላከችልኝ። የኋላው ክንፍ መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ ሦስት ከሆነ ሴት፣ አራት ከሆነ ወንድ እንደሆነ ነግሬያት ነበር። "አራት ነው! አቦ ወንድ ነው፣ ቶሎ ና፣ ሊሄድ ነው!"