ኮንቱር ኢንተርቫል ምንድን ነው? (ባዶ ቦታ ማለት ሜዳ ማለት አይደለም)

ሰሞኑን አንዱ የድሮ የደቡብ ሉዊዚያና (አሜሪካ) ቶፖግራፊ ካርታ፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታ በመስመር የሚያሳይ ካርታ ይዞ፣ ያ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ዳሩን የሸንኮራ አገዳ ፕላንቴሽኖች (ትልልቅ እርሻዎች) የተደረደሩበትን፣ ጣቱን ረግረጉ ላይ አድርጎ "እዩ፣ መስመር የለውም፣ ድፍን ሜዳ ነው" አለ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! በቃ ልጻፈው።

ኮንቱር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ የካርታ መስመር ነው። ኢንተርቫል ደግሞ በሁለት ተከታታይ ኮንቱሮች መሀል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው፣ የከፍታ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ርቀት አይደለም። እዛ አካባቢ ብዙ ጊዜ 5 ጫማ ነው፣ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከዛ ያነሰ ውጣ ውረድ መስመር ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

በየሰዓቱ ብቻ የሚደውል ሰዓት አስቡ። ሶስት ሰዓት ደወለ፣ ከዛ ዝም። ዝም ስላለ ጊዜው ቆሟል? ሶስት ከአምስት ይሁን ለአራት አምስት ጉዳይ ደወሉ አይነግራችሁም። ኮንቱርም እንደዛ ደወል ነው፣ ተራራ ላይ ደወሉ በላይ በላዩ ነው፣ ረግረግ ውስጥ ግን ኪሎሜትሮች ሄዳችሁም ላትሰሙት ትችላላችሁ፣ እዛ ደግሞ ወሳኟ ደቂቃዋ ናት፣ የአገዳው ሥር ውሃ ውስጥ መክረም አለመክረሙ በግማሽ ሜትር ይለያል።

ሰውዬው ቀጥሎ "ዝቅተኛው ቦታ ወንዙ ዳር ነው" አለ። አይደለም፣ ተቃራኒው ነው! ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ ከባዱን ደለል እዛው ዳሩ ላይ ነው የሚጥለው፣ ስለዚህ ዳሩ ከፍ ይላል፣ ቤቶቹም ስኳር ፋብሪካዎቹም መንገዱም እዛ የተሰለፉት ለዛ ነው፣ ወደ ኋላ ስትሄዱ መሬቱ ቀስ እያለ ወርዶ ረግረግ ይሆናል። ቦዮቹን ተመልከቱ፣ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ወደ ረግረጉ ነው የሚሄዱት። በባርነት ዘመን እነዚህን ቦዮች ጭቃ ውስጥ ቆመው የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፣ ካርታው ላይ የሚጻፈው ግን የፕላንቴሽኑ ስም ነው።

ደግሞ መስመሩ ራሱም ቢሆን ልክ አለው። እ.ኤ.አ. የ1947ቱ የአሜሪካ የካርታ መስፈርት ከተፈተሹት ነጥቦች 90 በመቶው ከኢንተርቫሉ ግማሽ በላይ እንዳይሳሳቱ ነው የሚለው፣ በ5 ጫማ ኢንተርቫል 2.5 ጫማ ማለት ነው፣ መስፈርቱ መጀመሪያ ከወጣበት ከ1941 በፊት የተሠሩት ደግሞ ይሄ መስፈርት ራሱ አልነበረባቸውም። በዛ ላይ የዴልታው (የወንዙ ደለል የሠራው) መሬት እየሰመጠ ነው፣ ያኔ 5 ጫማ የተባለው ዛሬም 5 ጫማ ነው ብላችሁ ቤት እንዳትሠሩበት።