ካርቦሃይድሬት ምንድን ነው? ከካሎሪስ በምን ይለያል?

«ስኳር ከተውሁ ስንት ዓመቴ!» ይላል ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው። ሻዩን መራራውን ይጠጣል፤ ጣቱን ተወግቶ ሲለካ ግን ቁጥሩ አልወረደም። ከሻዩ የቀነሰው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር 8 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ነበር። ለምሳ የበላው እንጀራ 300 ግራም ቢመዝን ግን 90 ግራም ገደማ ይዟል።

ካርቦሃይድሬት የስኳር፣ የስታርች (በእህልና በሥራ ሥር ውስጥ በብዛት የሚገኘው)ና የአሰር (ፋይበር) የወል ስም ነው። አሰር በአብዛኛው ሳይፈጭ ያልፋል፤ ስታርችና ስኳር ግን ሆድ ውስጥ ተሰባብረው ግሉኮስ ሆነው ደም ውስጥ ይገባሉ። ምላስ ላይ አለመጣፈጥ ለውጥ አያመጣም። ቆጮ አይጣፍጥም፤ ከሞላ ጎደል ግን ስታርች ነው። በሶንም «ገብስ ነው፣ አይጎዳም» እያሉ የሚጨልጡት ብዙ ናቸው፤ ገብስ እህል እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ሲደቅ ደግሞ ከቆሎው ፈጥኖ ይፈጫል።

ካሎሪ ምግብ አይደለም፣ መለኪያ ነው፤ ምግቡ የሚሰጠውን ጉልበት ይሰፍራል። 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4፣ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ሲኖረው ካርቦሃይድሬት የለውም። ዘይት የበዛበት ወጥ ብቻውን ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወዲያው ላያንረው ይችላል፤ ትርፉ ጉልበት ግን ስብ ሆኖ ጉበትና ቆሽት ላይ ሲጠራቀም ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች የሚያስገባው ሆርሞን) ሥራውን ይሳነዋል። ካርቦሃይድሬቱ ከምግብ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ካሎሪው ደግሞ በወራትና በዓመታት ይታያል።

ይህን «ዳይሬክት» የተባለው የብሪታንያ ጥናት በደንብ አሳይቷል። ሕመሙ ከታወቀባቸው 6 ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎች በሐኪም ክትትል ከ3 እስከ 5 ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ የሚሰጥ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ወሰዱ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ መደበኛው ምግብ ተመለሱ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመሙ መለያ መስመር በታች ወርዶ ተገኘ። የሚገርመው፣ ከዚያ ፈሳሽ ጉልበት ከግማሽ በላዩ ከካርቦሃይድሬት የተገኘ ነበር፤ ያነሰው ጠቅላላው ካሎሪ ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም በ2019 እ.ኤ.አ. ለሁሉም የሚስማማ አንድ የካርቦሃይድሬት መቶኛ እንደሌለ ገልጿል።

በእኛ ቤት መቁጠሩ ራሱ ፈተና ነው። በአንድ መሶብ ዙሪያ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፤ ጉርሻውም ይጨመርበታል። የራስን ድርሻ አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ፣ እንጀራውን አሳንሶ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት ያግዛል። ምስርም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ግን በአሰርና በፕሮቲን ታጅቦ ስለሚገባ ቀስ ብሎ ይፈጫል።

ግሊበንክላሚድ (ስኳር የሚያወርድ እንክብል) ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን እንጀራውን በግማሽ ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር። የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ምግቡ ብቻ ቢቀነስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም ራስን መሳት ይከተላል።