ሁሉን በአንድ የያዙ ፕሪንተሮች በሊኑክስ ላይ፦ ስካን እና ፋክስ

ማተም፣ ስካን ማድረግና ፋክስ መላክ የሚችለው ማሽን ከውጭ ሲታይ አንድ ይሁን እንጂ ሊኑክስ የሚያስተናግደው በሦስት ክፍል ነው። ማተሙን ካፕስ (CUPS)፣ ስካኑን ሴን (SANE) የተባሉ ሶፍትዌሮች ይዘውታል፤ ፋክሱ ግን ቋሚ ባለቤት የለውም። በደንብ የሚያትም ማሽን ስካን አላደርግም ቢል ስለዚህ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሴን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የስካነሩን ጠባይ የሚያውቀውን ድራይቨር ተጠቃሚው ከሚያየው ፕሮግራም ስለለየ፣ ሲምፕል ስካን ወይም ኤክስሴን የተባሉትን የስካን ፕሮግራሞች የለመደ ሰው ማሽን ሲቀይር እንደ አዲስ አይማርም። በኔትወርክ፣ በፖርት (የግንኙነት በር) 6566 በኩልም ስካነሩን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ማጋራት ይቻላል። አምራቾች መረጃ በከለከሉበት ዘመን ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች በዩኤስቢ ገመድ የሚያልፈውን እየመረመሩ ብዙ ድራይቨሮችን ጽፈዋል፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

በፋክስ ረገድ የተሟላው ኤችፒሊፕ ነው። ኤችፒ ራሱ ያዘጋጀው ይህ ጥቅል «ኤችፒ-ሴትአፕ» በተባለው ትዕዛዝ ሲዋቀር ለማተሚያው አንድ፣ ለፋክሱ ሌላ ወረፋ ይከፍታል። «ኤችፒ-ሴንድፋክስ» ደግሞ የሽፋን ገጽና የስልክ ማውጫ አለው። የስልክ መስመሩ የሚሰካው ማሽኑ ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሞደም (ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) አያስፈልገውም። የተለመደው ፋክስ በኢንች 204 በ98 ነጥብ ብቻ ስለሚልክ፣ ደቃቅ ጽሑፍ ላለው ሰነድ 204 በ196 የሆነውን ጥራት መምረጥ ይበጃል። የመጣን ፋክስ የሚቀበለው ማሽኑ ራሱ ነው።

አንዳንድ የኤችፒ ሞዴሎች ምንጩ ያልተከፈተ ፕለጊን (ተጨማሪ የፕሮግራም ክፍል) ይጠይቃሉ። ይህ ከነፃ ሶፍትዌር መንፈስ ጋር ይሄዳል ወይ የሚለው ያከራክራል፤ ስካነሩ ያለ እሱ የማይሠራበት ሰው ግን ምርጫው ጠባብ ነው።

ሌላው አምራች ብራዘር ለስካንና ለፋክስ የየራሳቸውን ጥቅል ያቀርባል። ሃይላፋክስ የተባለው የፋክስ ሶፍትዌር በሞደም ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ለእነዚህ ማሽኖች እምብዛም አይሆንም።

አሁን አቅጣጫው ያለ ድራይቨር መሥራት ነው። ኢኤስሲኤል የተባለውን ደንብ የሚከተሉ ስካነሮችን ሴን-ኤርስካን የተባለው የሴን ድራይቨር በኔትወርክ ያገኛቸዋል፤ በዩኤስቢ የተሰኩትን አይፒፒ-ዩኤስቢ የተባለው ፕሮግራም እንደ ኔትወርክ መሣሪያ ያቀርባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዴቢያን 11 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ሁለቱንም አካትቷል። አይፒፒ-ዩኤስቢ ገመዱን ሲይዝ ግን የድሮው ድራይቨር ማሽኑን ላያየው ይችላል። ኤችፒሊፕ በድንገት «መሣሪያ የለም» ካለ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው።