«አልተነዳም እኮ!» ቆሞ የከረመ ቮልስ እና ፍሬኑ

እየተጎተተ ጋራዥ የሚገባ ቮልስ ሁሉ ባለቤቱ አንድ ነው የሚለው። «የአባቴ ነው። ስምንት ዓመት ግቢ ቆሟል። ፍሬኑ ግን ደህና ነው፤ አልተነዳም እኮ!» ይህችን «አልተነዳም እኮ» ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል።

እርግጥ ነው፣ ሳይነዳ ሸራው፣ ማለትም እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመው ልባስ፣ አያልቅም። የፍሬን ዘይት ግን መኪናው ቆሞም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ስምንት ክረምት ቀላል አይደለም። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከእንጦጦ ቁልቁል በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጥበታል። ያው ውሃ ደግሞ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን የፍሬን ፖምፓና በየጎማው ሸራውን የሚገፉትን ሲሊንደሮች ከውስጥ ያዝጋል።

«ዘይቱ ጎድሏል፣ ጨምርበት።» ጨመርኩ፤ የጎደለውስ የት ሄደ? እኔ ጋ የሚመጡት ቮልሶች አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው ያላቸው፤ ሸራው ከውስጥ የሚገፋው፣ ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት ማለት ነው። ሲሊንደሩ ሲያፈስ ዘይቱ እዚያው ታምቡር ውስጥ ሸራውን ያጨቀያል። መሬት ላይ ጠብታ አላየሁም ብላችሁ አትጽናኑ፤ ታምቡሩን አውልቃችሁ እዩ።

«የሞተር ዘይትም ዘይት ነው።» አይደለም። ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ ሁሉ ያሳብጠዋል።

«በኮምፕሬሰር ንፋው።» የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አቧራውን አታስነሱት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

«ደጋግመህ ርገጠው፣ ይመጣል።» ለዓመታት በቆመ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ታች ስትረግጡ የፖምፓው ጎሚኒ ዝገት ወዳለበት ቦታ ሄዶ ሊቀደድ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ሁለቴ ሞክሩት። በሁለተኛው ከፍ ካለ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፣ ማስተካከያ ይፈልጋል። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ። «ጎማው ከያዘ ሸራው ነው።»

አንድ ደንበኛዬ የቮልሱ የፊት ግራ ጎማ እየያዘ ይግላል። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ጋራዥ ሁለቴ ሸራ ቀይረውለታል። በክሪክ አነሳሁት። «ርገጥ፣ ልቀቅ» አልኩት። ጎማው በሁለት እጅ አልዞር አለ። በጎማው ሲሊንደር ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ላላ አደረግኳት፤ ዘይቱ ጭር ብሎ ወጣ፣ ጎማው በአንድ ጣት ዞረ። ሸራ ቢሆን ኖሮ ቡሎን ስለተፈታ አይለቅም ነበር። የያዘው መመለሻ ያጣ ዘይት ነው።

አራቱም ጎማ ቢይዝ ፖምፓውን እጠረጥር ነበር፤ ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሌለው ዘይቱ አይመለስም። የያዘው አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ ዘይቱን ወደዚያ ጎማ ወደሚወስደው ላስቲክ ቱቦ ሄድኩ። ከውጭ ስንጥቅ እንኳ የለውም። በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ አብጦ ቀዳዳው መርፌ የሚያሾልክ አይመስልም። የእግር ጉልበት ዘይቱን በዚያ ያሳልፈዋል፤ ሸራውን የሚመልሰው ስፕሪንግ ግን ያን ያህል አቅም የለውም። ቡሎኑን ፈታችሁ ጎማው ካልለቀቀ ያኔ ዝገት ነው በሉ፤ የኋላ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ገመድም እዩ።

ስለዚህ ቆሞ የከረመውን ቮልስ እንደገና ለመንዳት ስታዘጋጁት አራቱንም ላስቲክ ቱቦ ቀይሩ። አሮጌውን ዘይት ጨርሳችሁ አውጡ። አየር ስታስወጡ ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፤ መሪው ግራ ከሆነ የኋላ ቀኝ ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ ሜዳ ላይ፣ በእግር ፍጥነት አድርጉት።

ለደንበኛዬም አራቱንም እንቀይር ብዬው ነበር። «ሌሎቹ አልያዙም እኮ!» አለኝ። በሦስተኛው ወር ቀኙ ይዞት መጣ።